ቆላና ደጋ ሰንበቴ ላይ ሲገናኙ

እሑድ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሰንበቴ መቃረቡን ለማወቅ የኪሎ ሜትር ምልክት አያሻውም። አስፋልቱን ግመል ይይዘዋል። የደሴ አውቶቡስ ሹፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል፤ ግመሎቹ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ የመንገዱን መሐል ይዘው ይሄዳሉ። ከኋላቸው ሽርጥ የታጠቀ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አግድሞ ሁለት እጁን የሰቀለበት የአፋር ወጣት ይከተላል፤ እሱም አይቸኩልም። ከተራራው በኩል ደግሞ ጤፍና ሽንብራ የጫኑ አህዮች ይወርዳሉ። አይሱዙዎቹ ሰልባጅ ልብስ፣ የፕላስቲክ ጫማና ቢጫ ጀሪካን ቆልለው ገና ጎህ ሳይቀድ ደርሰው ቦታ ይዘዋል።

ረፋድ ላይ ከብት ተራው ይሞላል። አንድ የደጋ ገበሬ ለእርሻ የሚሆን ወይፈን ይፈልጋል እንበል። ደላላው የወይፈኑን ከንፈር ገልጦ ያሳየዋል፤ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ስንት ጥንድ እንዳበቀለ አብረው ያያሉ። አንድ ጥንድ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አራቱም ጥንድ ከሞላ አራት ዓመት ግድም የሆነው በሬ ነው። ገዢው ቀጥሎ ጀርባውን በመዳፉ ይጫናል፣ የጎኑን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፣ ጎንበስ ብሎ ኮቴውን ያያል፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እንዲነዱለት ይጠይቃል። እስካሁን ስለ ዋጋ የተነፈሰ የለም። ዋጋ ሲነሳ ሻጩ በአፋርኛ ይናገራል፣ ደላላው ለገዢው በአማርኛ ያደርሳል፣ አጠገባቸው የቆሙ የጅሌ ኦሮሞ ሽማግሌ «በዛ» ብለው በኦሮምኛ ጣልቃ ይገባሉ። ሻጩ ደላላው እስኪተረጉምለት ሳይጠብቅ ለሽማግሌው በኦሮምኛ ይመልስላቸዋል። ሲጀመርም አማርኛው አልጠፋውም። ደላላው መሐል የሚቆመው ዋስ ለመሆን ነው፤ ነገ ወይፈኑ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህም የገበያተኛውን ፊት፣ የጎሳውንና የመንደሩን ስም ከመዝጋቢ ጽሕፈት ቤት በላይ ያውቃል።

ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የተቀመጠችበት ቦታ ራሱ ገበያ ይጠራል። በስተምዕራብ የሰሜን ሸዋ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ መሬቱ እየተንሸራተተ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። ከተራራው የሚነሱት ወንዞች፣ የአጣዬና የጃራ፣ ከሰሜን የሚመጣው ቦርከናም፣ መድረሻቸው አዋሽ ነው። ውሃው በሚወርድበት አቅጣጫ ሰውም እህል ጭኖ ይወርዳል፤ በተቃራኒው ከብት፣ ግመል፣ ቅቤና ጨው ይወጣል። አርብቶ አደሩ እህል አያመርትም፤ ደገኛው ለከብት እርባታ የሚበቃ መሬት የለውም። የሁለቱ ችግር እሑድ እሑድ እዚህ ይጣጣማል።

በዚህ ጠርዝ ላይ ገበያ የተጀመረው ትናንት አይደለም። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በወለስማ ሥርወ መንግሥት ሥር የነበረው የይፋት ሱልጣኔት ኃይሉን ያገኘው ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣውን የንግድ መንገድ በመያዙ ነው። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ባሉት ተረተሮች ላይ የዚያን ዘመን የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ፣ ኖራንና አስበሪን የመሰሉትን፣ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኑት በቅርብ ዓመታት ነው። በአፄ ዓምደ ጽዮንና በይፋቱ ሰብረዲን መካከል በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተካሄደውን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል አንድ የሚያስገርም ነገር ይዟል፤ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት ፎከረ ይላል። ስለ ጫት በኢትዮጵያ ከተጻፉት ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ ከቀትር በኋላ በሰንበቴ በረንዳዎች ላይ ቅጠል እየቀነጠሱ የሚጫወቱት ወገኖች የሰባት መቶ ዓመት ጎረቤት አላቸው ማለት ነው።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ገበያው ቦታ ይቀያይር እንጂ ቀጥሎ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ የአውሮፓ መልእክተኞች በአንኮበር ሥር ያለችውን የአልዩ አምባን የዓርብ ገበያ አይተው ጽፈዋል። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ እዚያው አቅራቢያ ደግሞ ባሪያ ይሸጥ ነበር። የዚያ ገበያ ሳንቲም ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል የሚወጣው አሞሌ ጨው ነበር፤ ትልቁ ገንዘብ ደግሞ የማርያ ቴሬዛ ብር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ካስቀረጹ በኋላም ሁለቱም ቶሎ አልጠፉም። የሰንበቴን ዕድል የቀየረው የጣሊያን ወረራ ዘመን አስፋልት ነው። መንገዱ ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ተጥመልምሎ ቆላ ከገባ በኋላ በተራራውና በበረሃው መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ደሴ ይሄዳል። የአንኮበሩ የበቅሎ መንገድ ጭር ሲል አስፋልቱ ዳር ያሉት ገበያዎች ደመቁ።

አሁን ስለ ካርታው ላውራ፤ ካርታው እዚህ ከገበያው በላይ ያወዛግባል።

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ከሚሴ የሚገባ መንገደኛ የዞን ወሰን የሚሻገረው አንዴ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ሰሜን ሸዋ ነው። ሰንበቴ ሲደርስ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይገባል። ጥቂት እንደተጓዘ አጣዬ ላይ፣ ከዚያም ካራቆሬ ላይ፣ እንደገና ሰሜን ሸዋ፣ ኤፍራታና ግድም ወረዳ ነው። ጨፋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ተመልሶ ኦሮሞ ዞን፣ አርጡማ ፉርሲ ወረዳ። ይህ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ፣ አንድ ምሳ ተበልቶ ሌላው ሳይደርስ ነው። ተሳፋሪው ወሰኑን የሚያውቀው በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አንዱ ከተማ ላይ ሰሌዳው በግዕዝ ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ቀጣዩ ላይ ከላዩ በቁቤ የተጻፈ ኦሮምኛ ይጨመርበታል።

ዞኑ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ ደዌ ሃረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን ይዞ ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገው ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮበታል። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ከኽምራና ከአዊ ጋር የኦሮሞ ሕዝብ የብሔረሰብ አስተዳደርና የራሱ ምክር ቤት ይኖረው ዘንድ ደንግጓል። ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ጽሕፈት ቤቱም ፍርድ ቤቱም በኦሮምኛ ይሠራል። በአንድ ክልል ውስጥ ያለን ሌላ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ እንዲተዳደር ማድረግ በወረቀት ላይ ለብዙ ክልል ምሳሌ ሊሆን የሚችል አሠራር ነው፤ ይህን ስል አላመነታም። ችግሩ እንደ ሰንበቴና አጣዬ ያሉ ጎረቤታሞች ገበያቸው፣ ወንዛቸው፣ ጋብቻቸውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የፀጥታ ኃይላቸው፣ በጀታቸውና ለጥያቄያቸው መልስ የሚሰጣቸው አካል የተለያየ መሆኑ ላይ ነው። ሰላም ሲሆን ይህ አይታወቅም። ጠብ ሲነሳ ግን ወሰኑ በአንድ ሌሊት ግንብ ይሆናል።

ጠብም ተነስቷል። በ2011 ዓ.ም. የጀመረው ግጭት በመጋቢት 2013 ተባብሶ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬንና ሸዋ ሮቢትን አዳረሰ። በዚያ ወር ብቻ 303 ሰው መሞቱን የእንባ ጠባቂ ተቋም ዋና ኃላፊ በወቅቱ ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረው ነበር። ወር ሳይሞላ በሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ደረሰ፤ ከዚያ ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ የፌዴራሉ ጦር አካባቢውን መልሶ የያዘው በኅዳር ማብቂያ ነው። በጥር 2015 ጅሌ ጥሙጋና ኤፍራታና ግድም ላይ እንደገና ተኩስ ተከፈተ። ማን ጀመረ የሚለውን ሁሉም የሚያወራው ከራሱ ሰፈር ቆሞ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። የሚታየውን ብቻ ልናገር፤ መንገዱ ሲዘጋ ቀድሞ የሚሞተው ገበያው ነው። ግመሉ ቆላ ይቀራል፣ ጤፉ ደጋ ይቀራል፤ አንዱ ጋ ከብት ይረክሳል፣ ሌላው ጋ እህል ይወደዳል። የዕርቅ ሰዎች ሥራቸውን ከገበያው መከፈት የሚጀምሩትም ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ወሎ ውስጥ ለዚህ ሥራ አበጋር የሚባል ተቋም አለ። አበጋርነት በአብዛኛው በዘር የሚወረስ የሽምግልና ኃላፊነት ነው፤ ደም ሲፈስ፣ ከብት ሲነዳ፣ ግጦሽ ሲያጣላ አበጋሮች በሁለት ወገን መሐል ይገባሉ። አፋሮች በበኩላቸው መዳአ የሚሉት ሕጋቸው አላቸው፤ የጉዳቱን ዓይነት እየለየ ካሳውን ይቆርጣል። አበጋሩና የአፋር ሽማግሌ ሲቀመጡ የሚነጋገሩት ሁለቱም ሕጎች በሚገናኙበት ቦታ፣ በካሳ ላይ ነው። የመንግሥት ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል፤ የሟች ወገን ግን እሑድ ገበያ ላይ ከገዳዩ ወንድም ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ አይቀርም። አበጋሩ የሚያስበው ስለዚያ እሑድ ነው። ማኅተም የሌለው ይህ ዳኝነት ከክልሎቹ የጋራ የሰላም መድረኮች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ለዚህ ይመስለኛል። የጠመንጃው ዓይነትና ብዛት ሲለወጥ ግን የሽማግሌው ቃል እንደ ድሮው አይሰማም፤ ይህንንም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አይደብቁም።

ወደ ገበያው እንመለስ። ከብት ተራው ዳር፣ ግራር ሥር፣ ሁለት አፋሮች ቁጢጥ ብለው ተቀምጠዋል። አንዱ ያለማቋረጥ ይናገራል፤ ሌላው በየመሐሉ አጭር ድምፅ እያሰማ መከታተሉን ያረጋግጣል። ዳጉ የሚሉት የአፋሮች የወሬ ልውውጥ ነው። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ የትኛው ከብት ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ፤ ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይነግረዋል። ተናጋሪው ሲጨርስ ተራው የሌላኛው ነው። ወሬ ማዛባት ነውር ነው፤ ሰው ከብቱን በዚያ ወሬ ይነዳልና። ሰንበቴ ላይ የሰማው ሰው እስከ ማታ ለሌላ ሦስት ሰው ያደርሳል፤ ወሬው በማግሥቱ አፋር ክልል፣ ሐሪ ረሱ ዞን፣ ሰሙሮቢ በረሃ ውስጥ ነው። ኔትወርክ በተቋረጠባቸው ወራት ይህ መሥመር አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ሴቶቹ ያሉበት ሌላ ተራ ነው። የአፋር ሴቶች ቅቤና ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን ይዘው ይቀመጣሉ። ቅቤውን የምትገዛው ባልቴት በትንሽ ጣቷ ጫፍ ነክታ ታሸታለች፤ ከእጇ ጀርባ ላይ ትቀባና ትንሽ ትጠብቃለች። የአርጎባ ነጋዴዎች ጨርቅ ዘርግተዋል። አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ፣ ቋንቋቸው ለአማርኛ ቅርብ የሆነ ሕዝብ ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ቋንቋው ደህና አድርጎ የሚሰማው ከከሚሴ በላይ ባሉት የድንጋይ መንደሮች፣ በሾንኬና በጦለሃ ነው።

የከብቱን ዋጋ በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ያውም ሁለት ቀን መቁጠሪያ። ሁዳዴ ሲገባ ደገኛው ክርስቲያን ለ55 ቀን ሥጋና ቅቤ ይተዋል፤ ለፋሲካ ሲቃረብ በግና ሰንጋ ይሰቀላል። የእስልምናው አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ አረፋም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። ነጋዴው በአንድ ጊዜ ለፆመኛውና ለአፍጣሪው ማሰብ ነበረበት፤ ቀን ላይ ምግብ ቤቱ ሁሉ ጭር ይላል፣ ማታ አንደኛው ወገን ብቻ ሥጋ ይፈልጋል። ምግብ ቤቶቹም ለየቅል ናቸው። አንዱ በር ላይ መስቀል፣ ሌላው ላይ ጨረቃ ተስሏል፤ ቢላዋው ይለያል እንጂ በርበሬው ከአንድ ወፍጮ ነው። ቡናው ጋ ሲደረስ መለያየቱ ያበቃል፤ ወሎ ውስጥ አቦልም ቶናም በረካም በዱዓ ይጠጣል፤ ክርስቲያኑም «አሚን» ይላል።

ሌላው የገንዘብ ምንጭ ማሾ ነው። ማሾ በሁለት ሦስት ወር ደርሶ የሚታጨድ፣ ዝናብ ሲያጥር የማይከዳ ሰብል በመሆኑ የጅሌ ጥሙጋ፣ የቀወትና የኤፍራታና ግድም ገበሬ ወዶታል። የአገሩ ሰው ለወጥ ብዙም አይፈልገውም፤ ገዢው እስያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ማሾን ማገበያየት ሲጀምር ቆላው ገበሬ ያመረተው እህል ዋጋ አዲስ አበባ ላይ የሚወሰን ሆነ። ደግ ነው ክፉ ነው ቢባል፣ ሁለቱም ነው። ገበሬው የማዕከሉን ዋጋ በስልክ ሰምቶ ይመጣል፤ መንገዱ ሁለት ሳምንት ከተዘጋ ግን ያንን ዋጋ የሚከፍለው ሰው ሰንበቴ አይደርስም፣ ገበሬውም ጎተራው ደጃፍ ላይ ለመጣ አንድ ነጋዴ በተባለለት ይሸጣል። ጤፍና ከብት የዚህን ያህል ለሩቅ ገበያ አልተጋለጡም። ገንዘቡም ተቀይሯል። በ2013 የተጀመረው ቴሌብር ሽማግሌ ከብት ነጋዴ እጅ ሳይቀር ገብቷል፤ ብር ሸጉጦ በሌሊት መሄድ በሚያስፈራበት አገር ለምን አይገባም?

ከቀትር በኋላ ገበያው ሲበተን መዝናኛው ይጀምራል። ጫቱ ተዘርግቷል፣ ቡናው ፈልቷል፣ አንዳንድ ቤት መንዙማ ይሰማል። ባለ ዲኤስቲቪው ቤት ደጃፍ ላይ የዕለቱ ግጥሚያ በጠመኔ ተጽፏል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እሑድ መጫወቱ ለሰንበቴ ጥሩ ሆኖላታል፤ ወይፈኑን የሸጠ ጎረምሳ መግቢያውን ከፍሎ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት በዋጋ የተጨቃጨቁ ሁለት ሰዎች ማታ በአርሰናል ይጨቃጨቃሉ፤ የአርሰናሉ ይብሳል።

ቱሪስቱም ይህን እሑድ ያውቀው ነበር። የጉዞ መጻሕፍት እሑድን ለሰንበቴ፣ ሰኞን ለባቲ መድበው ሰው ይልኩ ነበር፤ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው በመኪና ለመድረስ አንድ ሌሊት ይበቃል። ባቲ ትልቋ ናት፤ ስሟን የያዘ የሙዚቃ ቅኝት ጭምር አላት፣ ሰንበቴ ደግሞ ቅኝት የላትም። ግን ካሜራ ይዞ የሚመጣው እንግዳ አጥብቆ የሚፈልገው እነዚያኑ ፊቶች፣ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቀውን አፋርና ፀጉሯን በቅቤ ያሰማመረችውን ሴት ነበር፤ ሳይጠይቅ ካነሳ ደግሞ ጠብ ገዝቶ ይመለሳል። ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ያ እንግዳ የለም፤ ለሰንበቴ ግን የቱሪስት መቅረት ከአይሱዙ መቅረት ጋር አይወዳደርም።

የዚህን ገበያ ቀጣይ ዘመን ሊወስን የሚችለው ከከተማዋ ውጭ የተሠራ ነገር ነው። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መሥመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ግንባታውን በ2007 ጀምሮ ሐዲዱን በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ኮምቦልቻ አድርሶታል። ጦርነቱ ንብረቱን ዘረፈው፣ የኃይል መሥመሩም ጉዳይ ጎተተው፤ መደበኛ አገልግሎቱ እንደታሰበው አልተጀመረም። ሐዲዱ ሥራ ሲጀምር አዋሽ ላይ ከጅቡቲ መሥመር ጋር ይገጥማልና ሰንጋውና ግመሉ በአንድ ሌሊት ወደብ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ነጋዴው ከብቱን በሰንበቴ ከብት ተራ በኩል ያሳልፈው ወይስ ከበረሃው በቀጥታ ወደ ጣቢያው ይንዳው? ለሩቅ ገዢው በቀጥታ መሄዱ ይረክስለታል። የደጋው ገበሬ ግን ወይፈን የሚፈልገው ለእርሻ ነው፤ እሱን ባቡር አያመጣለትም። ጤፉን ጭኖ ወርዶ፣ የወይፈኑን ከንፈር ራሱ ገልጦ፣ በሚያውቀው ደላላ ፊት መግዛት አለበት። የወረዳውና የዞኑ ሰዎች የከብት ማቆያ፣ ውሃና የእንስሳት ክሊኒክ የት ይሁን ብለው ሲያቅዱ ከጣቢያው ይልቅ ይህን ገበሬ ማሰብ ይኖርባቸዋል። ከብት ተራው ዛሬም ጥላ የለውም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ እንስሳውንም ሰውንም ያከስላል፤ የኮቴው ገንዘብ ግን በየእሑዱ ይሰበሰባል።